ሳላንኳኳ የከተፍኩት ቤት

ዞምባ፣ ማርች 14 ቀን 2011። የሽንኩርት ልጣጭ ሥዕል፤ ሠላሳ ህዋሶች ሊሳሉበት ታስቦ አሥራ ዘጠኙ ብቻ ተሥለዋል። የሣሏትን ሴትዮ ስም ሳልጠይቅ ቀረሁ። የኮሌጁ ቤተ ሙከራ መዝገብ ያዥ ነኝና ጥፋቱ የኔ ነው።

ሴትዮዋ ኮሌጃችን በር ላይ ሽንኩርት ይሸጡ ነበር። ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ቀኙንም ሞራ እየጋረደው ነበር።

«ለሃምሳ ተማሪ አንድ ሽንኩርት! ምን ዓይነት ወጥ ነው የምትሠሩት?» ብለው ሳቁብኝ፤ ተማሪዎቹ በማይክሮስኮፕ እንዲያዩት አንድ ብቻ ስገዛቸው።

«ይግቡና ይዩት እንጂ፣ እማማ።»

«እሺ፣ ሳይጨልምብኝ ልየው።»

ነጠላ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ሲሉ፣ ሰው ደጅ ስንደርስ እንደምንለው፣ «ኦዲ!» ብለው አስፈቀዱ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን ቀኝ ዓይናቸውን አስጠግተው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

«ስንት ክፍል ነው! በየክፍሉም ባለቤቱ ጥግ ይዞ ተቀምጧል» አሉ፤ የህዋሶቹን አስኳል ማለታቸው ነው። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ሁሉ ቤት ሳላንኳኳ ስከትፍ ኖርኩ!»

ሠላሳውንም ክፍል እሥላለሁ ብለው እርሳስ ለመኑና እስከ ደወሉ ድረስ ሣሉ። «የቀረውን ነገ» ብለው ወጡ። በማግስቱ መርዷቸውን ሰማን።

ሥዕሉን በሣሉበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ለጎረቤታቸው ባቄላ ከጠጠር ለቅመው ሰጥተዋል። ጎረቤቲቱ እንደነገረችኝ፣ በዚያች ሞራ በጋረዳት ዓይናቸው አንድም ጠጠር አላለፋቸውም።