የደዶዋ እናት ያረመችኝ ቃል

ባለፈው ቅዳሜ ለአዋላጆች የሚሰጥ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና ላይ ልካፈል ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስገባ ዝናቡ ድንገት ወረደ። ሮጬ አንድ የመማሪያ ክፍል ጣሪያ ሥር ተጠለልኩ። ከመስኮቱ ወዲያ አንድ መምህር «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርክ ማለቱ ነው፣ ይላል፤ ወጣቶች ተቀብለው «አካም ቡልቴ?» ይላሉ፤ አንዱ በጎጃም ቅላጼ፣ ሌላው በአዲስ አበባ አራዳ ቅላጼ። ከሌላ አካባቢ ለመጡ ተማሪዎችና ሠራተኞች የሚሰጥ የኦሮምኛ ትምህርት ነበር። ብቻዬን ቆሜ ሳቄ መጣ። ዝናቡ አባርቶ እንኳ ከዚያ አልተነቃነቅኩም።

እኔ ከብዙ ዓመት በፊት ጅማ የመጣሁት ከዱራሜ ነው፣ አዋላጅ ነርስነት ልማር። ከቤት ከምባትኛ፣ ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ደግሞ አማርኛ ይዤ ነበር። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። መጀመሪያ ላይ ይህ ብዙም አላሳሰበኝም፤ ግንጆ ጉዱሩ ሰፈር ሙዝና አቮካዶ የምንገዛት ሴትዮ እንኳ አማርኛውን ታቀላጥፈው ነበር። ችግሩ የመጣው የሆስፒታል ልምምድ ስንጀምር ነው። የገጠር እናቶች ያወሩኛል፣ እኔ ፈገግ እላለሁ። ፈገግታ ምጥ ለያዛት ሴት ምን ይሠራላታል?

አሠልጣኛችን ሲስተር ፈቲያ አንድ ቀን ወደ ጎን ጠራችኝ። ፈጣን፣ ቆፍጣና፣ ግን አንጀቷ የሚራራ ሴት ነበረች።

«ታደለች፣ እጅሽ ጎበዝ ነው» አለችኝ። «አፍሽ ካልተከተለው ግን የገጠሩን ልምምድ አላሳልፍሽም። እናቲቱን ሳታናግሪ እንዴት ታዋልጃለሽ?»

የዚያን ሰሞን ወደ ሐዋሳ ዝውውር ልጠይቅ አስቤ ነበር። አብራኝ የምታድር ልጅ ናት፣ «መጀመሪያ ይሄንን ሞክሪ እንጂ!» ብላ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በነጻ የሚሰጠው የኦሮምኛ ክፍል ውስጥ ጎትታ ያስገባችኝ።

መምህሩ ነዚፍ ይባላል። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሲያስተምር ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዘዋወር ሰው ነው። ክፍሉ ጉደኛ ነበር፤ ከጎንደር የመጣ የሒሳብ መምህር፣ ከካፌ የመጡ ምግብ አብሳይ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ እንደ አንደኛ ክፍል ሕፃን ይጮኻል። እኔ ከኋላ ሆኜ አንሾካሽካለሁ።

«ታደለች፣ ለእኛ ነው ወይስ ለደረትሽ የምትነግሪው?» ይለኛል መምህር ነዚፍ። «ያልተሳቀበት አፍ ቋንቋ አይለምድም፣ ወላሂ!»

ቃላቱን ያዝኩ፤ ድፍረቱ ግን አልመጣ አለ። ተሳስቼ ከሚሳቅብኝ ዝም ብዬ ብወድቅ የሚሻለኝ ይመስለኝ ነበር። ወጣትነት እንዲህ ነው፤ መሳቂያ መሆንን ከሞት ይቆጥረዋል።

ለገጠር ልምምድ ከጅማ ወደ ደቡብ ያለው ደጋ፣ ደዶ ተመደብኩ፣ ከዚያችው ከሲስተር ፈቲያ ጋር። ወሩ ኅዳር ነበር። ከጅማ ስንወጣ በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቶ፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ ሽታው መኪናው ውስጥ ድረስ ይገባል። መንገዱ ሽቅብ ሲል ቡናው ቀርቶ ገብስና ድንች ይተካል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። ጤና ጣቢያው አጠገብ በዳጣ የበላነው ትኩስ የድንች ቅቅል ጣዕም አሁንም ምላሴ ላይ አለ።

እዚያ በገባን ሳምንት አንድ ከሰዓት ሁለት እናቶች ባንዴ መጡ። ሲስተር ፈቲያ አንዷን ይዛ ቀጣዩ ክፍል ገባች። «የሕፃኑ ራስ ብቅ ሲል ጥሪኝ! በርቺ!» አለችኝና ሄደች። እኔ ከሌላዋ፣ ከሐሊማ ጋር ቀረሁ። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ከንጋት ጀምሮ አምጣ ደክማለች፤ አማቷ ራስጌዋ ቆመው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ። የማሕፀኗ በር ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፣ የሕፃኑ የልብ ምት ደህና ነው፤ እሷ ግን መግፋቱን ትታ ዓይኗን ጨፍናለች። ከዚህ በላይ ከዘገየች ለሁለቱም አስጊ ነው።

ማንሾካሾክ እንደማይሠራ ያኔ ገባኝ። ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ጮኽኩ።

«ሐሊማ! ዲሲ! ዲሲ!»

ሐሊማ ዓይኗን ገለጠች፤ ትክ ብላ አየችኝና እያለከለከች አንድ ነገር ተናገረች። ደግነቱ፣ ገባኝ።

«እኔማ በደስታ እተወው ነበር፤ እሱ ይተወኝ እንጂ!»

ለካ «ዲቢ» ለማለት ነው «ዲሲ» ያልኩት። «ዲቢ» ግፊ ነው፤ «ዲሲ» ደግሞ ተዪው! አንዲት ፊደል ናት። አማቷ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ ከግድግዳው ወዲያ ሲስተር ፈቲያ ስትንከተከት ይሰማኛል፤ ሐሊማ ራሷ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ትስቃለች። እኔም ሳቅኩ። የፈራሁት ነገር ደረሰ፣ አልሞትኩምም።

«ዲቢ» አለችኝ ሐሊማ ረጋ ብላ፣ እንደ መምህር። «በይ፣ ዲቢ።»

«ዲቢ!» አልኩ።

ቀጣዩ ምጥ በዚያው መጣ። እጄን ጨብጣ ገፋች፤ አማቷም እኔም በአንድ ድምፅ «ዲቢ! ዲቢ!» እንላለን። ጥቁር ፀጉር ብቅ ሲል ተጣራሁ። ሲስተር ፈቲያ ሌላዋን እናት በሰላም ገላግላ ነበርና ሮጣ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ልትቀበለኝ እጇን አልዘረጋችም። «እናቲቱ የራስሽ ናት፣ ቀጥዪ» አለችኝ ብቻ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ወፍራም ወንድ ልጅ እጄ ላይ ወደቀ፤ ጩኸቱ ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ አማቷ እንባቸው እየወረደ። ቀጥለውም ሕፃኑን እያዩ፣ «ተው ሲባል እምቢ ብሎ የመጣ! አባ ዲሲ!» ብለው ቅጽል ስም አወጡለት። በማግሥቱ ቅቤ የሚንሳፈፍበት ማርቃ፣ እኛ ገንፎ የምንለውን፣ አምጥተው በእጃቸው አጎረሱኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጤና ጣቢያው ውስጥ ያልጠየቅኩት፣ ያልተሳሳትኩት ቃል የለም። ልምምዱንም አለፍኩ፤ ዝውውሩም በዚያው ተረሳ።

አሁን እዚሁ ጅማ አጠገብ፣ ሰርቦ ነው የምሠራው፣ ፀጉሬም ሸብቷል። ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት በሩን ከፍቶ ያሳያል፤ የሚያስገባው ግን የቸገረው ሰው ፊት ቆሞ አፍን መክፈት ይመስለኛል። መምህር ነዚፍ ባያስተምረኝ የሐሊማ መልስ አይገባኝም ነበር፤ ሐሊማ ባታርመኝም የመምህር ነዚፍ ቃላት ከደረቴ አይወጡም ነበር።

በዚህ ሳምንት አንዲት ነፍሰ ጡር ለክትትል መጥታ ሆዷን እየመረመርኩ ስናወራ በኦሮምኛ፣ «እናቴ፣ አነጋገርዎ የደዶ ነው። እዚያ ነው እንዴ የተወለዱት?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት፤ ዱራሜዎች ይቅር ይበሉኝ።