ተቀባይ ያሳጣኋቸው አውራጅ

ንጋት 12 ሰዓት፤ ወልድያ

ከቤት የወጣሁት ተናድጄ ነው። ዛሬ ያየሁትን ሁሉ በንዴት ዓይን ስላየሁት መንገዱን ብበድለው ይቅር በሉኝ።

ጀርባዬ ላይ ሳምፕለር አለ። ለማያውቀው፣ የመዝገብ ደብተር የሚያህል፣ አሥራ ስድስት የጎማ ቁልፎች ያሉት ሳጥን ነው። ድምፅ ይቀዳል፣ ይቆርጣል፣ ቁልፉን ስትመታው መልሶ ያወጣል። በእሱ ዘፋኝ የሌለው የሂፕሆፕ ቢት እሠራለሁ። ኮምፒውተር አልነካም፤ ሁሉንም በጣቴ ነው የምመታው። አምና ከመርሳ ወዲያ ባለችው ግራና አጠገብ ማሽላ ሲወቃ ደርሼ የዱላውን ምት ቀዳሁና ከበሮ አደረግኩት። ከላዩ የደቦውን አውራጅ የአያ ይማምን ድምፅ፣ «የት አላችሁ?» የምትለዋን ብቻ ቆርጬ አስገባሁ። ወራት ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የለፋሁበት ሥራ ነው።

ያን ቢት አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ፣ ወዳጅ ከተባለ፣ «ላዳምጠው፣ ላክልኝ» ብሎ ወሰደና በራሱ ስም ለቀቀው። ስደውልለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያንተ ከሆነ ማስረጃ አምጣ!» ዋናው ቅጂ ያለበት ካርድ እንደተበላሸብኝ ያውቃል እኮ! ስለዚህ አያ ይማም ስልኬ ቪዲዮ ላይ ቀርበው «የቀዳኝ ይሄ ልጅ ነው» እንዲሉልኝ ልለምናቸው ነው የምሄደው።

1 ሰዓት ተኩል፤ ሲሪንቃ

ሚኒባስ ውስጥ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ተጠቅጥቀናል። በመስኮት የምርምር ማዕከሉ ማሳ ይታየኛል። እያንዳንዱ የማሽላ መደብ ታርጋ ተተክሎለታል፤ ዘሩ ስም አለው፣ ቁጥር አለው። ማሽላ እንኳ በስሙ ይጠራል! የእኔ ሥራ ግን በሌባ ስም ይጠራ።

ፍተሻ ላይ ወረድን። ፈታሹ ሳጥኔን ገለባብጦ አየው።

«ምንድን ነው?»

«ሙዚቃ መሥሪያ።»

«ዘፋኙስ?»

«ዘፋኝ የለውም።»

«ታዲያ ምኑን ሙዚቃ ሆነ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

3 ሰዓት፤ መርሳ

የገበያ ቀን ነው። የሽንኩርት ጆንያ፣ የብርቱካን ክምር፣ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ የተጠጉ ፍየሎች። ወደ ግራና የሚሄድ ባጃጅ ስፈልግ የራሴን ቢት ሰማሁት። «የት አላችሁ?... የት አላችሁ?...» ይላል የአንዱ ባጃጅ ድምፅ ማጉያ። ሾፌሩ ሰይድ ይባላል።

«የማን ሥራ ነው ይሄ?» አልኩት ገብቼ እንደተቀመጥኩ።

«ያዲስ አበባ ልጅ ነው አሉ የሠራው። ድምፁ ግን የኛው አያ ይማም ናቸው። ምስኪን፣ ደቦ ጠርተው ሰው እምቢ አላቸው ይባላል።»

«ያዲስ አበባ ልጅ» የምትለዋ ደሜን አፈላችው። የቀረውን ልብ ብዬ አልሰማሁትም። አቧራውን እየዋጥኩ እስከ ግራና ድረስ ያን ሌባ ስረግም ሄድኩ።

5 ሰዓት፤ ግራና

አውድማው ላይ ሃያ የሚሆን ሰው በሁለት ረድፍ ቆሞ ማሽላ ይወቃል። የሚያወርደው አንድ ጎልማሳ ነው፤ አያ ይማም ዳር ላይ ተቀምጠዋል። ታመው መሰለኝ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አያ ይማም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አንተ ነህ? ና፣ ተቀመጥ።»

በደሌን ዘረገፍኩላቸው። «ሳይጠይቀኝ ወሰደብኝ! ስሜን ቆርጦ ጣለው!» እያልኩ ጮህኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እስቲ አሰማኝ።»

ሳጥኑን አውጥቼ፣ ከተለቀቀው ቢት ላይ መልሼ የቀዳሁበትን ቁልፍ መታሁት። «የት አላችሁ?» አለ። ሁለት ጊዜ፣ አራት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ።

«ሰዎቹስ?» አሉኝ።

«የቶቹ ሰዎች?»

«የተቀበሉኝ ናቸዋ! እኔ 'የት አላችሁ?' ስል አርባ ሰው 'አለን! አለን!' አላለም? የት አደረስካቸው?»

«ከዱላው ጋር እየተደባለቀ አስቸገረኝ። ቆርጬ... ጣልኩት።»

ሳጥኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ።

«እኛ ዘንድ አውራጅ ጠርቶ ዝም የሚባለው ከሰው ደቦ ሲቀር ነው፤ አገር ሲያኮርፈው። እኔ በዕድሜዬ ከሰው ደቦ ቀርቼ አላውቅም፣ ወላሂ! መርሳ ገበያ ብወርድ ከየባጃጁ ብቻዬን ስጮህ ራሴን ሰማሁት። ዘንድሮ ላወርድ ብነሣ ጎረምሳው ሁሉ እንደዚህ ሳጥንህ ዝም ብሎ ሳቀብኝ። ተውኩት። አንተን ስምህን ቆረጠህ፤ አንተ ደግሞ እኔን ከሰው ቆረጥከኝ።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ? ጠዋት በዚያ ሌባ ላይ ያወረድኩት እርግማን ሁሉ ዞሮ ራሴ ላይ አረፈ። እኔስ መቼ ጠየቅኳቸው? ስልኬን ከኪሴ አላወጣሁም።

«አያ ይማም፣ አሁን ይነሡና ያውርዱ። መልሱን እቀዳለሁ፣ አስተካክለዋለሁ።»

«ተቀባይ ይዘህ ና፣ አወርዳለሁ። እስከዚያው መቅዳቱን ተውና ዱላ ያዝ፤ ማሽላው አላለቀም።»

እስከ 9 ሰዓት ወቃሁ። አሥራ ስድስት ቁልፍ ሲመታ የኖረ መዳፍ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ውኃ ቋጠረ። ከምቱ ስወጣ ጎኔ ያሉት ዱላቸውን እያዘገዩ መለሱኝ። አያ ይማም ዳር ሆነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አላወጡም።

10 ሰዓት፤ የመልስ መንገድ

የሚመልሰኝ ያው ሰይድ ነው። ከኋላ ከእኔ ጋር ሁለት ሴቶች አሉ። ገና ከመነሣታችን ያን ጉደኛ ቢት ከፈተው። ስሜ የለበትም። ጠዋት ያበገነኝ ይሄ ነበር፤ አሁን ግን የምሰማው ከጥሪው በኋላ ያለውን ባዶ ብቻ ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። በጊዜው አምሮኝም ነበር!

«የት አላችሁ?»

«አለን!» ብዬ ጮህኩ።

ሰይድ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። «ምን ሆንክ፣ ወንድሜ?»

«ይሄን ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ። አርባ ሰው መልሶላቸዋል፤ መልሱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አያ ይማምን ማንም እምቢ አላላቸውም። መርሳ ላይ ለጠየቀህ ሁሉ ንገር።»

ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሰይድ በመስታወቱ ትክ ብሎ አየኝና ማርሽ አስገባ።

«የት አላችሁ?»

«አለን!» አልኩ፣ አፍሬም ቢሆን።

በአራተኛው ጥሪ ከሰይድ ጋር ሁለት ሆንን።