አባቴን «አንተ» ያለው ድምፅ

ከአሰላ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነበር። ስደት የወጣችሁ ሁሉ ያቺን ሰዓት ታውቋታላችሁ፤ ማንም አልተኛም፣ ማንም ግን ደፍሮ አያለቅስም። አባባ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈትተው ሦስት ጊዜ መልሰው አሰሩት። እናቴ ከሞተች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እኔ አስተማሪ፣ እሳቸው ከእርሻ ጽሕፈት ቤት በጡረታ የወጡ የገብስ ባለሙያ። ለማስተርስ ወደ ስዊድን መሄዴ ነው። መናኸሪያ ሲሸኙኝ ፊታቸውን ወደ ጭላሎ ተራራ አዙረው «ሁለት ዓመት ምን አላት?» አሉኝ። ይኸው ሰባት ዓመት ሆነኝ።

ስቶክሆልም አየር ማረፊያ ላይ አንድ ወጣት የጉምሩክ ሠራተኛ የጩኮዬን ቆርቆሮ ከፍቶ አሸተተው።

«ምንድን ነው?»

«የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ በቅቤ የታሸ።»

«ገብሱ ይገባል። ቅቤው አይገባም።»

«እንዴት አድርጌ ልለያቸው?»

እሱም አሰበበት፤ እውነቱን ነው፣ ልጁ ክፉ አልነበረም። ከዚያ አባባ ራሳቸው ያሹትን ጩኮ ከነቆርቆሮው ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ስዊድን እንዲህ ተቀበለችኝ።

የአሰላ ብርድ ያሳደገኝ ሰው ምን እሆናለሁ ብዬ ነበር። የእኛ ብርድ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይለቅሃል፤ የዚህኛው እስከ ሚያዝያ አይለቅም። ትምህርቱን ስጨርስ «ኤልድሬቡኤንዴ» የሚሉት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። እዚህ አገር «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም። የዘጠና ዓመት ሽማግሌ «አንተ» ነው። መጀመሪያ ምላሴ እየተያዘ አስቸግሮኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። ቀኑን ሙሉ «እንዴት አደርክ? ጉልበትህን አሁንም ያምሃል? ቁርስ በላህ?» ስል እውላለሁ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው።

የምኖረው ኢንግሪድ የምትባል ባልቴት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። በገባሁ በሳምንቱ በሬን አንኳኳች።

«ስልክ ላይ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?»

«አልተጣላሁም። አባቴን ሰላም እያልኩ ነው።»

«አሥር ደቂቃ ሙሉ ሰላም?»

«ገና አልጨረስኩም። ከብቶቹ ይቀራሉ።»

አልሳቀችም። በማግሥቱ ስለ ድምፅ የሚያሳስብ ወረቀት በሬ ላይ ለጠፈች። ከዚያ ወዲህ ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ እየወረድኩ መደወል ጀመርኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አባባ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላሉ፣ እኔም እቸኩላለሁ። በየቀኑ የነበረው በየሳምንቱ፣ ከዚያም ሲመቸኝ ሆነ። በምትኩ እዚያው ክፍል ቆሜ ስለ ስደት ኑሮ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እለቅ ጀመር። ተመልካች በዛልኝ። አንድ ቀን ስለ አባባ ጉልበት ሕመም ተናገርኩና ብዙ ሰው አብሮኝ አዘነ። ለማላውቀው ሰው ሁሉ አወራሁ፤ ለእሳቸው ግን ከደወልኩ አምስት ሳምንት አልፎኝ ነበር።

ሲስተር ብዙነሽ የደወለችልኝ ያን ጊዜ ነው። ከወሎ አሰላ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ የአባባ የግቢ ጎረቤት።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ? ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስትደውዪላቸው ሰውዬው ወጣት መስለው ነበር። አሁን ድንገት ምን ብትሆኚ አቆምሽ? ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ደጃፍ ነው የሚውሉት። እህል አስጠልቷቸዋል። አዲሱ ቁጥርሽም አይሠራም።»

«የምን አዲስ ቁጥር?» አልኳት። ዘጠኙን ቀን የደወለችላቸው እኔ አልነበርኩም።

ወዲያው አባባ ጋ ደወልኩ። «ምንም አልወሰዱብኝም፣ አትጨነቂ» አሉና ሌላ ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ነገሩን በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ወሰድኩት።

«ምን ተሰረቅሽ?» አለኝ መኮንኑ።

«ድምፄን።»

ጣቶቹ ኮምፒውተሩ ላይ ቆሙ። «አሁንም እየተናገርሽበት ነው።»

«አባቴንም ሲያናግሩበት ነበር።»

«ገንዘብ ጠፋ?»

«አልጠፋም።»

«ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው?»

«አባቴ ወደዷት።»

ለዚህ የሚሆን ሳጥን ቅጹ ላይ አልነበረም። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገልኝ። ቢሆንም ሰው ነውና ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፤ ከቪዲዮዎቼ የጥቂት ደቂቃ ድምፅ ይበቃቸዋል፤ ከዚያ አማርኛ የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ሲናገር ማሽኑ እዚያው ስልኩ ላይ በእኔ ድምፅ ያወጣዋል። የሚያወራው ሌላ ሰው፣ የሚሰማው ግን የእኔ ድምፅ ነው።

ከፖሊስ ጣቢያው ስመለስ ምድር ቤት አልወረድኩም። ከክፍሌ፣ በሙሉ ድምፄ ደወልኩ።

«አባባ፣ እኔ እንዳልሆንኩ መቼ ነው ያወቁት?»

«የመጀመሪያው ቀን ነዋ። ‹አባባ፣ እንዴት ነህ?› አለችኝ። አንቺ አንድም ቀን አንተ ብለሽኝ አታውቂም። ‹አከም ጅርታ› ብዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ሞከርኳት፤ ሳቅ ብላ አለፈችው። የአሰላ ልጅ ይህን አታልፈውም።»

«ታዲያ ለምን አልዘጉባትም?»

ከግቢው የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል።

«ድምፅሽ ነዋ» አሉ። «አንተ ስትለኝም ደስ አለኝ፤ እናትሽ ከሞተች ወዲህ ማን አንተ ይለኛል? ጉልበቴን ትጠይቀኛለች። ቁርስ በላህ ትለኛለች። ሌባ መሆኗን አውቃለሁ። ግን አትቸኩልም ነበር።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ፤ እሳቸው ቀጠሉ።

«ዘጠነኛው ቀን ላይ ከባንክ ስልክህ ላይ የሚገባውን የምስጢር ቁጥር ንገረኝ አለች። ‹እሱን አልነግርሽም ልጄ፣ ነገ ግን ደውዪ› አልኳት። በዚያው ቀረች።»

«ምን ምን አወራችሁ?»

«ብዙ። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ እያልኩ የማልነግርሽን ሁሉ።»

«አሁን ሥራ ላይ አይደለሁም፣ አባባ።»

ጀመሩልኝ። በረዶ ገብሱን እንዴት እንደመታው፤ ጉልበታቸው አላስኬድ ስላለ በየእሑዱ ወደ እናቴ መቃብር በባጃጅ እንደሚሄዱ፣ ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ እስኪጨርሱ ዝም ብሎ እንደሚጠብቃቸው። አንድ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወድቀው እስኪነጋ እዚያው እንደተቀመጡ። ይህን ሳላውቅ ስንት ቪዲዮ ቀርጫለሁ! ከአንድ ሰዓት በላይ ሰማኋቸው።

«አንድ ነገር ይቀራል» አሉ በመጨረሻ። «እሱን ግን ስትመጪ፣ ፊት ለፊት ነው።»

«ለእሷ ነግረዋታል?»

«ነግሬያታለሁ። እሷማ ፊት የላትም፤ ቀለለኝ።»

የት አገር እንደሚኖር የማላውቀው ሰው፣ አባቴ ለእኔ ያስቀመጡትን ቃል ሰምቶታል።

«መቼ ነው የምትመጪው?» አሉኝ።

«በቅርቡ፣ አባባ።»

«እሷም እንደዚሁ ብላኝ ነበር» አሉ።