ፌስታል ውስጥ የበሰለ ማንጎ

የወሰዱኝ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ነው። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ከነዳጅ ጋዝ ኤቲሊን የሚባል ሌላ ጋዝ እንዴት እንደሚመረት እያስረዳሁ ነበር። «ጋዝ፣ እቶን፣ ግፊት» ብዬ ጽፌ፣ ፌስታል የሚሠራው ከዚሁ መሆኑን ሳልናገር በሩ ተከፈተና ፖሊሶች ገቡ። ጣቢያ ላይ መርማሪው የሰሌዳውን ፎቶ እያሳየ «ቦምብ ነው ያስተማርከው፤ እመን» አለኝ። ካመንኩ ዕድሜዬ እዚያው ማለቁ ነው።

አሶሳ እስር ቤት ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነበር፤ ከቀትር በኋላ የቆርቆሮው ሙቀት አናት ይበሳል። ውስጥ ያገኘኋቸው አንድ የበርታ ሽማግሌ የኩርሙክ ነጋዴ ነኝ አሉኝና ምንጣፋቸውን አካፈሉኝ። ደግነታቸው አስፈራኝ። በጋዝ ሰበብ መታሰሬን ነግሬያቸው ነበር፤ ከምርመራ በተመለስኩ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነው።

«ኡስታዝ፣ ያ ጋዝ ምንድር ነው? ሰው ይገድላል?»

መርማሪውም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ጆሮ ጠቢ ካልሆኑ ምን አገባቸው? ዝም አይነቅዝም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አንድ ቀን ከቤታቸው ጥሬ ማንጎ መጣላቸው። አንድ የበሰለ መሃል ከተው ፌስታሉን ጥብቅ አድርገው ቋጠሩ።

«የበሰለው ሌላውን ያበስላል» አሉ።

ሳቄ መጣ። ከበሰለው ማንጎ የሚወጣው ያው ኤቲሊን ነው፤ ፌስታሉም የተሠራው ከእሱ። የታሰርኩበት ነገር ጥግ ላይ ተቋጥሮ ተቀምጧል! ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ከመርማሪው ጆሮ ቢደርስስ?

ፌስታሉ የተፈታ ዕለት ክፍሉ ማንጎ ማንጎ ሸተተ። ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ።

«ኡስታዝ፣ እኔን ፈርተሃል።»

«አዎ አባቴ፣ ፈርቼዎታለሁ።»

«ሐቅህ ነው» አሉ። አልማሉም፣ አልተቆጡም።

ተነሣሁ። ለመርማሪው የሚደግሙት ከሆነ ትክክሉን ይድገሙት አልኩ በልቤ። በር ላይ የቆመው ጠባቂም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የተቋረጠውን ትምህርት ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ጋዙ እቶን ውስጥ ከእንፋሎት ጋር ሲግል ኤቲሊን እንደሚሆን፣ ኤቲሊኑ በግፊት ተያይዞ ላስቲክ እንደሚወጣው፣ ማንጎ ግን ያለ እቶን እንደሚያመርተው ተናገርኩ። ጠባቂው ዝም በል አላለኝም።

በማግስቱ ሽማግሌውን ጠርተው ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። እኔን ቆይተው ለቀቁኝ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ሽማግሌው ምን እንደነበሩ ዛሬም አላውቅም፤ ይናፍቁኛል ግን። ጥርጣሬውም አብሮኝ ወጥቷል፤ አንድ ተማሪ ጥያቄ ሲያበዛብኝ ልቤ ይደነግጣል። ያ ትምህርት ሲደርስ ግን ማንጎ በፌስታል ይዤ እገባለሁ፤ የክፍሉንም በር ወለል አድርጌ እከፍተዋለሁ።