የጎልፍ ቦርሳ ተሸካሚው

የኢተያው ሰውዬ አሰላ ሊታከም የመጣው ረጅም የጎልፍ ዱላ ቦርሳ አንግቶ ነው። የሆስፒታሉ ዘበኛ ጠመንጃ መስሎት በር ላይ አስከፈተው፤ የተገኘው ጋቢ፣ ፔርሙስና የራጅ ፊልም ነው። ወረፋ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ከጎኑ አብረውት የመጡ፣ ኮት የለበሱ ሽማግሌ አሉ። ነርሷ በሽተኛ ልትጠራ መጥታ የሽማግሌውን ክንድ ያዘች።

«እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ታዲያ በሽተኛ ያሸክማሉ?»

«ስጠኝ ብለው እምቢ አለ።»

ሰውዬው ኮፍያውን አስተካከለ። «አዲስ አበባ ጎልፍ ሲጫወቱ ዕድሜ ልኬን ቦርሳቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አሁን እሳቸው ተሸክመው ሰው ቢያይ ምን ይላል?»

ቦርሳውን ወንበሩ ላይ ትቶ ሐኪሙ ጋ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ወጣ።

«ቤትህ ሂድ፣ ከእንግዲህ ማስታገሻ ብቻ ነው አሉኝ» አለ፣ አውቶቡሱ ሞልቷል እንደሚል ሰው።

ሽማግሌው ተነሥተው ቦርሳውን አነሡ። አሁን አልከለከላቸውም።

«በግራ ትከሻዎ ያድርጉት፣ ጋሼ። ቀኙ ያደክማል» አለ ብቻ።

ከዚያ ባዶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወደ በሩ አመራ። ሽማግሌው፣ እሱ ሜዳ ላይ ያደርግ እንደነበረው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው ተከተሉት።