ዝምተኛው ልብስ ሰፊ አየር ላይ የወጣበት እሁድ

የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ «እንዴታ» ይለዋል፤ ምንም ብትጠይቀው መልሱ እሷው ነችና። «ሱሪው ይጠባል?» «እንዴታ።» «ልታሰፋው ትችላለህ?» «እንዴታ።» በሃያ ስምንት የትዳር ዓመታት ከዚህ የረዘመ ንግግር ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱም ጥርሱን ሲነቅሉት ነበር።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ተነስቶ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያወጣው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ዜና የሚሰማበት ሬዲዮ አይደለም። ፈተና አልፎ ፈቃድ ያገኘ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ እንደሱው ፈቃድ ካላቸው ሰዎች ጋር በአየር ላይ የሚያወራበት ነው። የሚያወራበት! ሲነግረኝ ሳቄ አምልጦኝ ሳል አስመሰልኩት።

ፈተናውን ግን በአንድ ጊዜ አለፈ። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የጥሪ መለያ ተሰጠው። ሬዲዮውን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ በካውያውና በስፌት መኪናው መካከል አስቀመጠው፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ለአንቴና የሚሆን ረጅም ቱቦ ከነሽቦው አቆመ። ሲያቆመው ቆርቆሮውን በሳው። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር እህቴ አልጋዋን ስትገፋ ታድራለች።

የፈተናው መጽሐፍ «ከመናገርህ በፊት አዳምጥ» ይላል። ሌላው ሰው አንድ ደቂቃ ያዳምጥና ይናገራል። የእኛው ሰው ሃያ ሦስት ቀን አዳመጠ። በየቀኑ ከሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ አባላት በአየር ላይ ይገናኛሉ። ሰብሳቢያቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። «አዲስ ገቢ ካለ ይግባ» ይላሉ። እሱ ማይክራፎኑን ይጨብጣል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ የሚናገረውንም በወረቀት ጽፎ ሬዲዮው ፊት አቁሞታል። የማይክራፎኑን የመናገሪያ ቁልፍ ግን አይጫንም። «ከሌለ እንቀጥል» ይላሉ ነርሷ። እሱም ላቡን ይጠርጋል።

በመጨረሻ እህቴ ቀነ ገደብ ቆረጠች። «እስከ እሁድ ከአንድ የአዳም ዘር ጋር ካላወራህ ያ ቱቦ ይወርዳል» አለችው። እንዳወርደው የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

እሁድ መሰላሌን ይዤ ደረስኩ። እሱ መስኮቱን ሊዘጋ ተነስቶ ነበር፤ ማይክራፎኑን ወንበሩ ላይ ትቶታል። ተመልሶ እላዩ ላይ ቁጭ አለበት። ቁልፉ ሲጫን የምትበራዋ ቀይ መብራት ከዚያች ወረቀት ጀርባ ተደብቃለች። ቁልፉ የተጫነ ሬዲዮ ደግሞ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ይህን ሁሉ የተረዳነው ኋላ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሞላ፤ ሬዲዮው ጭጭ አለ።

«ይኸው፣ ዛሬ ማንም የለም» አለ፣ ሸክም የወረደለት ይመስል።

«በል ውጣልኝ ጣሪያው ላይ» አለችኝ እህቴ። «ሰው መስሎኝ ግድግዳ ነው ለካ ያገባሁት!»

ያኔ ግድግዳው ተናገረ።

«አይወርድም!» አለ። መሰላሉ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። «ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ስለካ ኖርኩ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ‹ደረሰ ወይ?› ብቻ ነው። ጠዋት ደረሰ ወይ፣ ማታ ደረሰ ወይ። እዚያ ላይ ግን ሰዎቹ ገና ሲገናኙ ምን እንደሚባባሉ ታውቂያለሽ? ‹እንዴት ትሰማኛለህ?› ነው የሚባባሉት። መልሱንም ይጠብቃሉ። እኔም አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ‹ሰምቼሃለሁ› እንዲለኝ ነው የፈለግኩት።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ባይመልሱልኝስ? ደግሞ ሴትዮዋን እፈራቸዋለሁ። ‹አዲስ ገቢ ካለ› ሲሉ መርፌ ይዘው የሚጠሩኝ ነው የሚመስለኝ!»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ መሐረብ ፍለጋ ብድግ አለ። ሬዲዮው ነፍስ ዘራ።

«ቁልፉ የተያዘብዎት ወዳጃችን፣ አሁን ለቀቁት መሰለኝ» አሉ ነርሷ። «መስመሩን ስምንት ደቂቃ ዘግተውብን ነበር። የጥሪ መለያዎን አልነገሩንም እንጂ ሌላውን ሁሉ ሰምተናል። አይዞዎት፣ መርፌም አልያዝኩም።»

እንዲህ ደሙ ከፊቱ የሸሸ ሰው አይቼ አላውቅም። እህቴም እስከ ጆሮዋ ቀልታለች፤ ግድግዳ ያለችውን አገር ሰምቶታላ። ቢሆንም ማይክራፎኑን ከወንበሩ አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «በል ተናገር፤ ጀምረኸው የለ!»

ተጫነ። መለያውን ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው አገኘው። «እንዴት ትሰሙኛላችሁ?» አለ። 

«ጥርት አድርገን» አሉ ነርሷ። ቀጥሎ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ «እኔም ጥርት አድርጌ፣ ወንድሜ።» ከዚያ አንዲት የሒሳብ አስተማሪ። ከዚያ ድምፃቸው በጩኸት የታፈነ አንድ ሽማግሌ፣ «የእኔ ጆሮ እንኳን ሰምቶሃል» አሉት። አራት ሰው መለሰለት። የአራቱንም መለያ መዝገቡ ላይ አሰፈረ፤ እጅ ጽሑፉ የሐኪም ትእዛዝ ይመስል ነበር። ላፈርስበት የመጣሁት እኔ ደግሞ፣ መሰላሌን ታቅፌ አለቀስኩ።

ሲጨርስ ሬዲዮውን አጥፍቶ ወደ እህቴ ዞረ። «ቆርቆሮውን ነገ እደፍነዋለሁ» አለ።

እህቴ ቆርቆሮውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። የጨርቅ ጥቅሎቹን ገፋ አድርጋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እኔም እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ‹በላህ ወይ› እንጂ ሌላ ጠይቄህ አላውቅም።»

«እኔም አንቺን ጠይቄሽ አላውቅም» አለ።

እኔ መሰላሌን ተሸክሜ ወጣሁ። በሩን ስዘጋው መጀመሪያ ማውራት የጀመረው እሱ ነበር።