ማንም ያልሾመው ሎርድ

ኦስሎ፣ ስቶቭነር በሚባለው ሰፈራችን፣ የገበያ ማዕከሉ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ፒፓውን ሲያጨስ ጣፋጩ የትምባሆ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና፣ አውቶቡሴን አስመልጦኝ፣ አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ከነበረችው የኋላ ክፍል በር ላይ ወስዶ አቆመኝ። እዚያች ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ፒፓ የሚያጨስ እንግሊዛዊ ተከራይ ነበረን።

ሰውዬው የመጣው በክረምት ነው። አስተማሪ ነበር፤ ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዷል፣ ስሙን ሲጠየቅ ግን «ሎርድ ሄንሪ» ይል ነበር። አባቴ ግራዝማች ነበሩና ባለማዕረግ ሲያዩ ደስ ስለሚላቸው፣ ጠዋት ጠዋት ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ይነሱት ነበር። እናቴ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ካልሲውን ትመረምር ነበር። እኔም ከሥሯ ተሸጉጬ አብሬያት እጠረጥር ነበር፤ ምን እንደምጠረጥር ባላውቅም በጥርጣሬ የሚያህለኝ አልነበረም።

መስከረም ሲጠባ እህቴ ታጨች። የሙሽራው አጎት ፊታውራሪ ነበሩ። አባቴ በሰርጉ ዕለት ሎርዱን ከፊታውራሪው በላይ ላስቀምጥ ብለው ሲነሱ እናቴ እንቅልፍ አጣች፤ ሰውዬው የውሸት ሎርድ ከሆነ ፊታውራሪው ተዋረድኩ ብለው ሙሽራውን ይዘው ይሄዳሉ፣ እህቴም ከነቬሎዋ ትቀራለች። ስለዚህ አንድ ቀን ሎርዱን ሻይ ጋብዛ፣ ስኒውን ሳይጨርስ ያዘችው።

«ለመሆኑ እርስዎን ማን ነው የሾመዎት? ንግሥትዎ ናቸው?»

ሎርድ ሄንሪ በተሰባበረ አማርኛው፣ አባቱ ማርኩዊስ የሚባል ትልቅ ማዕረግ እንዳላቸው፣ እሱ ሦስተኛ ልጃቸው እንደሆነ፣ በአገሩም የእንዲህ ያለ ሰው ወንዶች ልጆች ከእናታቸው ሆድ ሎርድ ተብለው እንደሚወጡ በትሕትና አስረዳ።

«እና ማንም አልሾመዎትም?»

«ማንም» አለ።

ነገሩ አበቃ። በእኛ ቤት ማዕረግ ንጉሥ የሚሰጠው እንጂ ከአባት የሚወረስ አልነበረም፤ አባቴ የእሳቸውን ያገኙት ስንት ዓመት ደጅ ጠንተው ነው። እኔ የግራዝማች ልጅ ሆኜ የዶሮ ቤት እጠርግ የለም እንዴ?

«ግራዝማች፣ ይኼ ሰው በገዛ አፉ አመነልዎ» አለች እናቴ፤ «አጭበርባሪ ነው።»

በጥር ሰርጉ ሲደረግ ፊታውራሪው ከላይ ተቀመጡ፣ ሎርዱ ከእኛ ከልጆቹ ጋር ታች ተቀምጦ ወጡ እያቃጠለው፣ እያለቀሰ ይስቅ ነበር። እህቴም በሰላም ተዳረች። ግንቦት ላይ ግን ከእንግሊዝ ኤምባሲ መኪና መጣና አንድ ባለ ከረባት ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ሎርዱን በሙሉ ማዕረጉ ጠርቶ ወሰደው። አባቴ ቀኑን ሙሉ አፍረው ዋሉ። እናቴ ባለ ከረባቱንም ጠረጠረች።

ዛሬ ኦስሎ ውስጥ ሐኪሙም፣ ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የምትመጣው ነርስም፣ እኔም የምንጠራራው በባዶ ስማችን ነው፤ ጋሼ የምባለው ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ብቻ ነው። በቀደም የልጅ ልጄ ይህን ሰምታ፣ «አባባ፣ ጋሼ ለመባል ምን ሠራህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሌሎቹ ቀድሜ በመወለዴ እንደሆነ ነገርኳት።

«ባሬ ዴት? በቃ ይኼ ብቻ?» አለች ኖርዌይኛውን ከአማርኛው ቀላቅላ፤ ከዚያም ትጠብቀኝ ጀመር። የምጨምርላት ነገር ብፈልግ አጣሁ፤ ሎርድ ሄንሪ እንኳ ቢያንስ ያስተምር ነበር።